ተገልብጣ የምትነሣ ጀልባ፦ ለሐዋሳ ሐይቅ ጀማሪ ቤተሰቦች ስለ ባለሸራ ጀልባ የቀረበ ማብራሪያ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጠዋት ረግቶ የነበረው ውሃ ከምሳ ሰዓት በኋላ መላወስ ይጀምራል፤ ነፋሱ ይነሣል፤ በፍቅር ሐይቅ መንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ያወዛውዛሉ። ይህ ነፋስ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ወረፋም አያሰልፍም። ሆኖም የሚጓዝበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሐይቁ ላይ በብዛት የሚታዩት ጎብኚ የሚያንሸራሽሩ የሞተር ጀልባዎችና በመቅዘፊያ የሚሄዱ የዓሣ አስጋሪዎች ጀልባዎች ናቸው። ባለሸራ ጀልባ ብርቅ ነው።

ብርቅ ሊሆን ባልተገባው ነበር። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ ውሃው ጨው የሌለበት ሐይቅ በከተማ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ልጆቻችን ከዳር ሆነው ብቻ ማየታቸው ያስቆጨኛል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከመኪና ኋላ ተጎትታ የምትመጣ፣ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ተምረው የሚነዷት አነስተኛ ባለሸራ ጀልባ ምን ዓይነት እንደሆነች፣ በምን ኃይል እንደምትሄድና የትኛዋ ለጀማሪ እንደምትስማማ ለማስረዳት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የመጀመሪያዋን ጀልባ በፍጥነቷም ሆነ በውበቷ አይምረጧት። ስትገለበጥ ቤተሰቡ ያለ ማንም እርዳታ ሊያነሣት የሚችል መሆኑን አይተው ይምረጧት።

ይህን ለመረዳት የጀልባዋን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ባለሸራ ጀልባዎች ከሆዳቸው ሥር ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ተሸክመዋል። ነፋስ ቢያጋድላቸውም ያ ክብደት ወደ ታች እየሳበ ያቃናቸዋል። እንዲህ ያለው ጀልባ ግን ውድ ነው፤ ከባድ ነው፤ ከሐይቅ ለማውጣትም ማንሻ ክሬን ሊጠይቅ ይችላል። ዲንጊ የሚባሉት ትንንሾቹ ጀልባዎች ይህ ክብደት የላቸውም። ርዝመታቸው ከ2 ሜትር ከምናምን እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከላይ ክፍት ናቸው፤ ሚዛናቸውን የሚጠብቀው በውስጣቸው የተቀመጠው ሰው ነው። ነፋሱ ሸራውን ወደ ግራ ሲያጋድል ተሳፋሪዎቹ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግተው ይቀመጣሉ፣ ሲበረታም ወደ ውጭ ዘንበል ይላሉ። ብረት ስላልተሸከሙ ቀላል ናቸው፤ ቀላል ስለሆኑ በተራ የቤት መኪና ይጎተታሉ፤ ሚዛናቸው በሰው እጅ ስለሆነ ደግሞ ይገለበጣሉ። እነዚህ ሦስት ነገሮች አይነጣጠሉም። የማትገለበጥ ዲንጊ አለች ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥምዎት አይመኑት።

ነፋሱ ከፊት እየመጣ ወደ ፊት መሄድ

ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ጀልባ ወደ ፊት እንደምትሄድ ለማንም ግልጽ ነው። ግራ የሚያጋባው ነፋሱ ከጎን፣ አልፎ ተርፎም ከፊት በአግድሞሽ እየመጣ ወደ ፊት መሄዷ ነው። ይህ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ተባብረው ነው፤ አንዱ ከላይ የሚታየው ሸራ ነው፣ ሌላው ከሆዷ ወደ ውሃው የሚወርደውና ከዳር የማይታየው ሳንቃ ነው።

ሸራው ሲሰፋ በትንሹ ጎበጥ እንዲል ተደርጎ ነው። ነፋሱ በሁለቱ ገጾቹ ላይ ሲያልፍ አቅጣጫውን ለመቀየር ይገደዳል፤ የነፋሱን አቅጣጫ ያስቀየረው ሸራም በአጸፋው ይገፋል። ግፊቱ አብዛኛው ወደ ጎን፣ ጥቂቱ ወደ ፊት ነው። ሳንቃው ባይኖር ኖሮ ጀልባዋ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ትወሰድ ነበር። ሳንቃው ግን በጠፍጣፋው ገጹ ውሃውን ተደግፎ ወደ ጎን እንዳትሄድ ይከለክላታል፣ በቀጭኑ ጠርዙ ደግሞ ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ፊት ያሳልፋታል። በሁለት ጣት መካከል የተጨመቀ የሎሚ ዘር ተፈትልኮ እንደሚወጣ ጀልባዋም በነፋሱና በውሃው መካከል ተጨምቃ ወደ ፊት ትወጣለች።

ለዚህም ቢሆን ወሰን አለው። ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በግራም በቀኝም 45 ዲግሪ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ሸራው ይርገበገባል እንጂ አይሠራም። ወደዚያ መሄድ የፈለገ ሰው ነፋሱን አንዴ በቀኝ ጉንጩ፣ አንዴ በግራ ጉንጩ እየተቀበለ በዚግዛግ ይጓዛል። በቀጥታ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ርቀት በዚህ መንገድ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ጀልባ በቀላል ነፋስ ከእግረኛ ብዙም የማይፈጥን በመሆኑ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ጠቃሚ ሕግ የመጣውም ከዚህ ነው፦ ሲወጡ በቅድሚያ ወደ ነፋሱ ምንጭ ይሂዱ፣ ሲደክማችሁ ነፋሱ ራሱ ወደ ቤት ያደርሳችኋል። ጉዞውን በተቃራኒው የጀመረ ቤተሰብ ልጆቹ በተራቡና በበረዳቸው ሰዓት ነው ረጅሙን መንገድ የሚጋፈጠው።

በዚግዛግ ሲሄዱ ጀልባዋን ማዞር የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው አፍንጫዋን በነፋሱ ውስጥ አሳልፈው ያዞሯታል፤ ሸራው ለጥቂት ጊዜ ኃይሉን ስለሚያጣ ሁሉም ነገር በዝግታ ይከናወናል። በሁለተኛው ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥተው ያዞሯታል፤ በዚህኛው ሸራው ነፋስ እንደተሞላ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል፣ ከሥሩ ያለው አግዳሚ ዘንግም በመንገዱ ያገኘውን ራስ ይመታል። ጀማሪ ለብዙ ጊዜ በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ቢዞር አንዳች የሚቀርበት ነገር የለም።

ሸራውን የሚቆጣጠረው ገመድ ከሁሉም በላይ ነው። ሲስቡት ጀልባዋ ኃይል ታገኛለች፤ ሲለቁት ሸራው ይርገበገባል፣ ኃይሏ ይጠፋል፣ ቀጥ ብላም ትቆማለች። ድንገተኛ ነፋስ መጥቶ ጀልባዋን ሲያጋድላት የሚያድናችሁ ገመዱን መልቀቅ ነው። ስለዚህ ገመዱን ከጀልባዋ ጋር ጨርሶ አይሰሩት፤ በእጅ ይያዝ። እጅ የሚያደክም ከሆነ ሸራው ለያዡ በዝቷል ማለት ነው።

የሐይቁን ነፋስ ማንበብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በነፋስ ስሌት ላይ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በሸራው ላይ የሚያሳድረው ግፊት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ልጅ በአንድ እጁ የሚይዘው ሸራ በ20 ኪሎ ሜትር ጎልማሳን ያስጨንቃል። ለጀማሪ የሚመቸው በሰዓት ከ8 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ያለው ነፋስ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጀልባዋ ትቆማለች፣ ከበዛ ትምህርቱ ወደ ትግል ይለወጣል።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ስስ ስለሆነ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን በዚያው መጠን ለዘብ አድርጎ ይገፋል። ለጀማሪ ጥሩ ዜና ነው። ግን ማንም በዚህ አይዘናጋ፤ በክረምት ከነጎድጓድ ዝናብ ፊት ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ በደቂቃዎች ውስጥ በርትቶ የሐይቁን ገጽታ ይለውጣል። ከተራራው በላይ ጥቁር ደመና ሲቆለል ያየ ጀማሪ ዝናቡን አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ዳር ይመለሳል።

የነፋስ መለኪያ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። በአሞራ ገደል ዓሣ ከሚጠበስበት የሚወጣውን ጭስ መመልከት ይበቃል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ መቅዘፊያ ይዘው ይውጡ። ከአናቱ ጎንበስ ካለ ጥሩ የትምህርት ቀን ነው። ከምንጩ ጀምሮ ከተኛና ባንዲራ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከተርገበገበ ወደ ውሃው ይመልከቱ፤ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ የደፉ ሞገዶች ከበዙ ለዚያ ቀን ጀልባዋን ይሸፍኗትና ዓሣውን በልታችሁ ወደ ቤት ግቡ።

ከሁሉም አሳሳቹ ነፋሱ ከከተማዋ ወደ ሐይቁ የሚነፍስበት ሰዓት ነው። ሐዋሳ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ናት። በዚህ ጊዜ በዳርቻው ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሕንፃውና ዛፉ ነፋሱን ይከልሉታል፣ ሞገድም ለማደግ ርቀት ይፈልጋል። ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲገቡ ግን ከለላው ያበቃል። እዚያ የተቸገረች ጀልባ ወደ ዳር አትገፋም፤ ወደ ምዕራብ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ማዶ ትነዳለች። ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲነፍስ ግን በዳርቻው ሞገድ ይታያል፣ ያስፈራልም፤ የተቸገረ ሰው ግን ምንም ባያደርግ እንኳ ተገፍቶ መሬት ይደርሳል። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የሚመረጠው ይህ ሁለተኛው ነው።

የትኛዋ ጀልባ?

በዓለም ላይ የዲንጊ ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም፤ ለቤተሰብ ግን ጥቂቶቹን ማወቅ በቂ ነው።

ለልጅ ብቻ የተሠራችው ኦፕቲሚስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ በፍሎሪዳ፣ ክሊርዎተር ከተማ የነደፋት ሲሆን ርዝመቷ 2.36 ሜትር፣ ክብደቷ 35 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሸራ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ሳንቃ አላት። አፍንጫዋ እንደ ሌሎቹ አልሾለም፤ ሳጥን መሳይ ናት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩባትና የሚወዳደሩባት ናት። ልጁ ብቻውን ይነዳታል፤ ይህ ጥንካሬዋም ድክመቷም ነው። ክለብና አሠልጣኝ ባለበት ቦታ ከእርሷ የተሻለ የለም። እንደ ሐዋሳ ባለ ስፍራ ግን አባት ከዳር ቆሞ የሚጮህበት፣ ልጁ ሐይቅ ላይ ብቻውን የሚደነግጥበት ነገር እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በተቃራኒው ጫፍ ያለችው ላዘር ናት። ካናዳዊው ብሩስ ኪርቢ የነደፋትና እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የተሸጠችው ይህች ጀልባ 4.2 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 59 ኪሎ ግራም ክብደትና ወደ 7 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሸራ አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮም የኦሊምፒክ ጀልባ ናት። አሮጌዎቹ በብዛትና በርካሽ ስለሚገኙ ብዙ ጀማሪ ይማረክባታል። ለአንድ ሰው የተሠራች፣ አግዳሚ ዘንጓ ዝቅ ያለ፣ ከላይዋ እንጂ ከውስጧ የማይቀመጡባት ፈጣን ጀልባ ናት። ለቤተሰብ አትሆንም፤ ነጥቡ ይህ ብቻ ነው።

በእኔ እይታ ለሐዋሳ ቤተሰብ ሚዛኑን የምትጠብቀው ሚረር የምትባለው ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር ጃክ ሆልት የተባለ የጀልባ ነዳፊና ባሪ ባክኔል የተባለ፣ በቴሌቪዥን የቤት ውስጥ እጅ ሥራ የሚያስተምር ሰው አብረው ያወጧት ናት። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ሀብታም ያልሆነ ሰው በጓሮው ሠርቶ ልጆቹን የሚያሳፍርባት ጀልባ። ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ደገፋት፣ ስሟንም ከጋዜጣው ወሰደች። ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ርዝመቷ 3.3 ሜትር፣ የአካሏ ክብደት 45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት ጎልማሶች ተሸክመዋት ይሄዳሉ። አንድ ወላጅና ሁለት ትንንሽ ልጆች ትይዛለች። ምሰሶዋ አጭር ነው፤ የሸራውን የላይኛ ክፍል የሚይዘው ሌላ ዘንግ በገመድ ተስቦ ከምሰሶው በላይ ይቆማል። ጉዞው ሲያበቃ ዘንጎቹ ሁሉ በጀልባዋ ርዝመት ውስጥ ይገባሉ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከመኪናው ኋላ ተርፎ የሚወጣ 6 ሜትር ምሰሶ የለም፤ ጠንካራ ፖርቶ መጋላ ያለው መኪናም ያለ ተጎታች ሊጭናት ይችላል።

የአሠራሯ ዘዴ ለእኛ አገር በተለይ ይስማማል። አካሏ በቅርጽ ከተቆረጠ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው። ቁርጥራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥመው በትንንሽ ቀዳዳዎች በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ስፌቱ በፋይበርግላስ ጥብጣብና በሙጫ ይታሸጋል። ይህን ለመሥራት የመርከብ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም፤ የሐዋሳ እንጨት ሥራ ቤቶች ከዚህ የረቀቀ ቁም ሣጥን በየቀኑ ይሠራሉ። የሚቸግረው ቁሱ ነው። ተራ የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ ሙጫው ውሃ የማይችል ከሆነ በአጭር ጊዜ ይላቀቃል። ከመግዛትዎ በፊት ቁራጭ ወስደው በፈላ ውሃ ይቀቅሉት፣ ያድርቁት፣ እንደገና ይቀቅሉት፤ ንብብሩ ከተላቀቀ ለጀልባ አይሆንም።

ቤተሰቡ አምስት ስድስት ከሆነ ከሚረር ከፍ ያለችው ዌይፋረር ትታሰባለች። ኢያን ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1957 የነደፋት ናት፤ 4.82 ሜትር ርዝመትና 169 ኪሎ ግራም ክብደት አላት። ሰፊና የተረጋጋች በመሆኗ የማይደፈር የተደፈረባት ጀልባ ናት፦ ፍራንክ ዳይ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከስኮትላንድ እስከ አይስላንድ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እስከ ኖርዌይ ክፍት በሆነችው ዌይፋረር ተጉዟል። በሁለተኛው ጉዞ በከባድ ማዕበል ደጋግማ ተገለበጠች፣ ምሰሶዋም ተሰበረ፤ ዳይና አብሮት የነበረው ሰው ግን እያነሡ ቀጥለው ደረሱ። ይህን የማነሣው ማንም እንዲሞክረው አይደለም። ጥሩ ጀልባ ሳትገለበጥ የምትኖር ሳትሆን ተገልብጣ የምትነሣ መሆኗን ስለሚያሳይ ነው። የዌይፋረር ችግር ክብደቷ ነው። ከውሃ ለማውጣት አራት ጠንካራ ሰው ወይም ጥሩ ጋሪ ይፈልጋል፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ይቸገራሉ።

ፕላስቲክ ጀልባዎችም አሉ። አንዳንዶቹ በየቤታችን ጣሪያና ደጃፍ ላይ የምናየው ሮቶ የሚሠራበትን ዘዴ በመጠቀም የሚሠሩ ናቸው፤ የፕላስቲክ ዱቄት በሚሽከረከር ሻጋታ ውስጥ ይቀልጥና ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ድንጋይ ላይ ቢጎተቱ አይሰበሩም፤ ለልጆች የተመቹ ናቸው። በእኩል ርዝመት ግን ከሌሎቹ ይከብዳሉ፣ ሲሰነጠቁም ለመጠገን አስቸጋሪ ናቸው፣ ሙጫ በቀላሉ አይይዛቸውም። ፋይበርግላስ ከሁሉም በቀላሉ ይጠገናል።

ስትገለበጥ

እዚህ ላይ በዝርዝር እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ይህን በረጋ ውሃ፣ ሆን ብሎ ገልብጦ ካልተለማመደ በቀር ወደ ሐይቁ መሐል መግባት የለበትም።

ጀልባዋ በጎኗ ወድቃ ሸራው ውሃው ላይ ተኝቷል እንበል። መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል። እያንዳንዱ ጮክ ብሎ ስሙን ይጥራ፤ ከሸራው ሥር የገባ ልጅ ካለ ሸራውን በእጅ ወደ ላይ ቀስሮ አየር መስጠትና ማውጣት ነው። ሁለተኛ፣ ማንም ከጀልባዋ አይለይ። ዳሩ ቅርብ መስሎት የሚዋኝ ሰው ሊሰምጥ ይችላል፤ የተገለበጠች ጀልባ ግን ከሩቅ ትታያለች፣ ትንሳፈፋለችም። ሦስተኛ፣ የሸራው ገመድ ልቅ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከተያዘ ጀልባዋ ስትነሣ እንደገና ነፋስ ሞልታ ትሮጣለች።

ከዚያ ከባዱ ሰው በኋላ በኩል ዞሮ ወደ ሆዷ ይሄዳል፣ ከሆዷ በአግድም ወጥቶ የሚታየውን ሳንቃ ይይዛል። ሌላው በአፍንጫዋ በኩል ሆኖ እየዋኘ ወደ ነፋሱ ያዞራታል። ይህን መዝለል አይገባም። ሸራው ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ሆኖ ጀልባዋ ከተነሣች፣ ከውሃው ብቅ እንዳለ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ወዲያው ወደ ሌላው ጎን፣ በሳንቃው ላይ ባለው ሰው ላይ ይደፋታል። አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ሲሆን ግን ሸራው እየተርገበገበ በዝግታ ይነሣል። ሳንቃውን የያዘው ሰው ክብደቱን ወደ ታች ይጥላል፤ ካልበቃ በሳንቃው ሥር ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ጠርዟን ይዞም ወደ ኋላው ዘንበል ይላል። የሳንቃውን ጫፍ አይርገጥ፤ ይሰበራል። ሸራው ውሃ ስለጫነ በመጀመሪያ ምንም የማይንቀሳቀስ ይመስላል። በጉልበት መወዝወዝ አይጠቅምም፤ በጸጥታ ክብደትን አሳርፎ መጠበቅ ነው። ውሃው ከሸራው ሲንጠባጠብ ትነሣለች። በዚያች ቅጽበት ውስጧ የሚተኛ ትንሽ ልጅ ካለ አብሮ ይነሣል፤ ይህ ከሁሉም ቀላሉ የልጅ ማስገቢያ መንገድ ነው።

በቀሪው ጊዜ በባልዲ ውሃ ማውጣት ነው። ባልዲው በገመድ የታሰረ ይሁን፤ ካልታሰረ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

ሙሉ በሙሉ ተገልብጣ ምሰሶዋ ቁልቁል ከቆመ ሥራው ይከብዳል፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ደግሞ ምሰሶው ጭቃ ውስጥ ይተከላል። ለዚህ በጣም ርካሽ መድኃኒት አለ፦ በደንብ የተከደነ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጄሪካን በምሰሶው ጫፍ ላይ ማሰር። 5 ኪሎ ግራም የሚያክል ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል በዚያ ርቀት ላይ ሲሠራ ጀልባዋን በጎኗ ያቆያታል። በመቀመጫዎቿ ሥር የታሰረ እያንዳንዱ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጄሪካን ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ያንሳፍፋል። ይህ ለባለሸራ ጀልባ ብቻ አይደለም፤ በሐይቁ ላይ ሌሊት መረብ የሚጥሉት አስጋሪዎችም በጀልባቸው ውስጥ ቢያስሩት ከልቤ ደስ ይለኛል።

የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ይህ ሁሉ ልምምድ ከንቱ ነው። 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይል መለኪያ ነው) የሚል ምልክት ያለው ጃኬት የሚዋኝና የነቃ ሰውን ይረዳል፤ 100 ኒውተንና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ለማይዋኝ ሰውና ለትንሽ ልጅ ነው፤ ፊቱን ወደ ላይ ለማድረግ ታስቦ ተሠርቷል። ልጁ ከለበሰ በኋላ በትከሻው በኩል ይዘው ወደ ላይ ይጎትቱት፤ ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ከወጣ ልኩ አይደለም። በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ የሌለው የልጅ ጃኬት አይግዙ።

ተጎታቹና ጉዞው

ተጎታች በሐዋሳም ሆነ በአዳማ ጥሩ ብየዳ ቤት የሚሠራው ነው። ለ50 ኪሎ ግራም ጀልባ የጭነት መኪና ባሌስትራ ማስገባት ግን ስሕተት ነው፤ ባሌስትራው ከባድ ከሆነ አይለዝብም፣ መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ በጀልባዋ ላይ ያርፋል። ከአጠቃላይ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መንጠቆ ላይ ይረፍ፤ ከዚያ ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ሲሆኑ ግራና ቀኝ ይዋዥቃል። ፍሬቻና የፍሬን መብራት ግዴታ ናቸው፤ ወደ ውሃ ከመግባትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ።

ስለ ኩሽኔታ አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም መንገድ የተጓዘ ኩሽኔታ ይግላል። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ጎማው መንገድ ላይ ይወልቃል። ስለዚህ ሲደርሱ ጎማው እስኪቀዘቅዝ ምሳ ይብሉ። ከዚህም የተሻለው ተጎታቹን ጨርሶ ውሃ ውስጥ አለማስገባት ነው፤ ቀላል ጀልባን በትንሽ የእጅ ጋሪ ወይም በእጅ ተሸክሞ ማውረድ ይቻላል። የከተማዋ ዳርቻ በብዙ ቦታ በውሃ መከላከያ ግንብ የታጠረ ስለሆነ መሬቱ ወደ ውሃው በቀስታ የሚወርድበትን ስፍራ አስቀድሞ ማየት፣ የቦታውን ባለቤት ማስፈቀድ፣ በሐይቁ ላይ ጀልባ ለማሰማራት ምን እንደሚያስፈልግም የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል።

ሐይቁ የሌሎችም ነው

ማንም ከመውጣቱ በፊት ዳር ያሉትን አስጋሪዎች ማነጋገር አለበት። በዕድሜ ጠና ያሉትን «ጋሼ፣ መረብ የተጣለው በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ክብርም ጥቅምም አለው። ሳንቃና መሪ መረብ ይይዛሉ፤ የተቀደደ መረብ የአንድ ቤተሰብ እራት ነው። ተንሳፋፊ ምልክት ካዩ በሩቁ ይዙሩት፤ ከተያዘባችሁ መረቡን በቢላዋ አትቁረጡ፤ ሳንቃውን ወደ ላይ ሳቡት፣ መሪውን አንሡ፣ በዝግታ አላቁት፣ ጉዳት ከደረሰም ለባለቤቱ ክፈሉ።

ጉማሬ በሐይቁ አለ። ሸንበቆና ደንገል በበዛበት ዳርቻ፣ በተለይም በጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ አካባቢ፣ በማለዳና በምሽት አይጠጉ። ባለሸራ ጀልባ ድምፅ ስለሌላት ጉማሬው መምጣቷን ላይሰማ ይችላል፤ ድንገት የተጠጋበት ጉማሬ ደግሞ አይታገሥም። በእነዚህ ስፍራዎች የሚያልፍ ቤተሰብ ድምፁን ያሰማ፣ የጀልባዋን ጎን እየመታም ይለፍ።

ሳር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቢልሐርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ይኖራል። ጀልባ ስታወርዱና ስታወጡ የምትቆሙት እንዲህ ባለው ስፍራ ስለሆነ ንጹሕ ዳርቻ ምረጡ፣ ከውሃው እንደወጣችሁ ሰውነታችሁን ወዲያው በፎጣ አድርቁ። አዘውትሮ ሐይቁን የሚጠቀም ቤተሰብ በየጊዜው በጤና ተቋም ቢመረመር መልካም ነው፤ በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል።

ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ የምታሳልፈው ጊዜ ውሃ ላይ ከምታሳልፈው ይበልጣል፤ በዚያ ጊዜ ጠላቷ ፀሐይ ነው። ከፍታው አየሩን ስላሳሳው፣ ከምድር ወገብም ብዙ ስላልራቅን ፀሐዩ ሸራውን፣ ገመዱንና ፕላስቲኩን ያደርቃል፣ ያሰባብራል። ሸራውን አጥባችሁ በጥላ አድርቁትና ጠቅልላችሁ ቤት አስገቡት፤ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ አይደር። ጀልባዋን በሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ በግንባሯ ደፍታችሁ ሸፍኗት፤ የውሃ ማፍሰሻ ክዳኖቿን ክፍት ተዉ፣ በውስጧ የተጠራቀመ እርጥበት እንዲወጣ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ መዝጋታችሁን አንድ ሰው ይመልከት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያረጋግጥ።